ፎቶ ኮፒ የተደረገ ሕይወት

ደባርቅ ላይ የሚጻፈው ሲቪ ሐዋሳ ላይ ከሚጻፈው ጋር አንድ ነው። ደባት ላይ የሚጻፈውም ጅማ ላይ ከሚጻፈው አይለይም። ስሙ፣ የስልክ ቁጥሩና የተመረቀበት ዓመት ይለያይ እንደሆነ እንጂ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ የአንድ እናት ልጅ ነው። «ታታሪ ነኝ። ከሰው ጋር ተግባብቼ መሥራት እችላለሁ። የሥራ ጫና አይበግረኝም። በራሴ ተነሣሽነት እሠራለሁ። ትርፍ ጊዜዬን መጽሐፍ በማንበብ አሳልፋለሁ።» የአገሩ ተመራቂ ሁሉ እንደሚለው ትርፍ ጊዜውን በንባብ የሚያሳልፍ ቢሆን ኖሮ መጽሐፍ አዟሪዎቻችን ዛሬ ባለ ፎቅ በሆኑ ነበር። ለአፍ ዳገት የለውም ይባላል፤ ለሲቪም የለው።

ይህ ወረቀት እንዴት እንደሚወለድ ሁላችንም እናውቃለን። ተመራቂው ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ያያል። ቀኑ ሊያልፍ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ወደ አንዱ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ይሮጣል። ጸሐፊዋ ለስንት ሰው የሠራችበትን ፋይል ትከፍታለች፤ የፊተኛውን ስም ታጠፋና የአዲሱን ትተካለች፤ ዩኒቨርሲቲውን ትቀይራለች፤ ታትማለች። ዐሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት፣ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲና ሃያ ምናምን ዓመት ኑሮ በዐሥር ደቂቃ አልቆ ይወጣል። ቸኩላ አንድ መስመር ከረሳች ደግሞ የነርሱ ዓላማ «ድርጅቱን በሒሳብ ሙያ ማገልገል» ሆኖ ይቀራል። ጸሐፊዋን አልወቅስም። እርሷ የተከፈላት ለመተየብ ነው፤ ሕይወቱን የኖረው ግን እሱ ነው።

ነገሩ ቀላል መስሎ የሚታየው ላለው ሰው ነው። አዲስ አበባ ላይ ባለሥልጣን አጎት ያለው ልጅ ወረቀቱ ቢበላሽበት አጎቱ ስልክ ያነሣል። ከጃናሞራ ወይም ከበየዳ ወርዶ ደባርቅ ላይ ቤት ተከራይቶ የተማረ የገበሬ ልጅ ግን እሱ ሊገባበት ወደማይችለው ቢሮ የሚገባለት መልእክተኛ ይህ አንድ ወረቀት ብቻ ነው። መልእክተኛውም የሌላ ሰው ቃል እየተናገረ ይገባል። ታዲያ ከዚህ የበለጠ ራስን መካድ ምን አለ?

«ሲቪ ምን ያደርጋል?»

እንዲህ ሲባል ቶሎ የሚመጣ መልስ አለ። «ሲቪ ምን ያደርጋል? ሥራ በዘመድ ነው። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ!» አድልዎ የለም ብሎ የሚከራከር ሰው ካለ ይህ ጸሐፊ ከእሱ ጋር አይሰለፍም። አድልዎ አለ። ማስታወቂያው ከመለጠፉ በፊት ቦታው ሰው የተገኘለት ስንት ውድድር እንዳለ ከተማው ሁሉ ያወራዋል። ነገር ግን ከዚህ እውነት ተነሥቶ «ስለዚህ ማንኛውም ወረቀት ይበቃኛል» ማለት ለዘመድ አዝማድ አሠራር መንገድ ከመጥረግ አይለይም።

እስቲ እናስበው። አንድ የሰው ኃይል ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ሁለት መቶ ሲቪ ተቆልሏል እንበል። ሁለቱም መቶ «ታታሪ ነኝ» ይላሉ። መራጩ ቅን ሰው ቢሆን እንኳ በምን ይለያቸው? ወረቀቱ የማይለየውን ሰው የሚለየው የአባት ስም ነው፤ የመጣበት አካባቢ ነው፤ ከላይ የተደወለ ስልክ ነው። መራጩ ቅን ካልሆነም ተመሳሳይ ወረቀት መሸሸጊያው ነው፤ የወደደውን አንሥቶ «ሁሉም እኩል ነበሩ» ሊል ይችላል። የአገሪቱ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግጋት ክፍት ቦታ በውድድር ለበለጠ ሰው እንዲሰጥ ሲደነግጉ ኖረዋል። የተበደለ ሰው አቤት የሚለው ግን የሚያሳየው ነገር ሲኖረው ነው። የሠራውን በዓመትና በቁጥር ጽፎ፣ ማስረጃውን አያይዞ ያስገባ ሰው ባይመረጥ እንኳ መዝገቡ ውስጥ ጥያቄ ትቶ ወጥቷል። «ታታሪ ነኝ» ብሎ የወጣ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል? «ከእሱ የበለጠ ታታሪ ነኝ» ብሎ?

ለዚህ ድካማችን ምክንያት አለው። በደርግ ዘመን ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ሰው በመንግሥት ይመደብ ነበር፤ የምደባ ደብዳቤ ይጻፍለታል እንጂ ራሱን አስተዋውቆ አይጽፍም። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ምደባው ለአብዛኛው ተመራቂ ቀረ፤ ዩኒቨርሲቲው ግን በዛ። በጣት ይቆጠሩ የነበሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ ከአርባ በላይ ናቸው። ደባርቅም በ2010 ዓ.ም. የራሷን አገኘች። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም ተመራቂው የመውጫ ፈተና ካላለፈ ዲግሪውን አያገኝም። በር አስገብተን፣ አስተምረን፣ ፈትነን ከጨረስን በኋላ «አሁን ራስህን አስረዳ» ስንለው አፉን ይይዛል። አባቱ አላስተማረውም፤ አባቱ ሲቪ ጽፎ አያውቅም። መምህሩም ብዙ ጊዜ አላስተማረውም። የቀረው አስተማሪ የጽሕፈት ቤቷ ፋይል ነው።

ተጠየቅ!

ሌላም ሰበብ ይቀርባል። «ራስን ማመስገን በእኛ ባህል ነውር ነው» ይባላል። ነውርነቱ ገብቶኛል፤ እኔም በዚያው ባህል ያደግሁ ነኝ። ግን እኮ «ታታሪ ነኝ፣ ታማኝ ነኝ፣ ብልህ ነኝ» ማለት ነው ራስን ማመስገን! የሠሩትን በዝርዝር መናገር ሌላ ነው፤ ለእሱም ባህላችን የተሟላ ሥርዓት ነበረው። «ተጠየቅ» እና «በላ ልበልሃ» እየተባባለ በዛፍ ሥር ችሎት ይሟገት የነበረ ሕዝብ ልጆች ነን። መሬቱ የእኔ ነው የሚል የስሜን ገበሬ ዳኛ ፊት ቆሞ «እኔ ደግ ሰው ነኝ» ብሎ አይቀመጥም። ድንበሩን ይቆጥራል፤ ዘመኑን ይጠራል፤ ምስክሩን ያቆማል። ሲቪ ማለት ይኸው ሙግት በወረቀት ላይ ነው። እያንዳንዱ መስመር አምስት ጥያቄ ይመልስ፦ ምን ሠራህ? የት? መቼ? ስንት? ማን ያውቃል? እነዚህን የማይመልስ መስመር ይሰረዝ።

ስድስተኛም አለ፦ ለቀጣሪው ምን ይጠቅማል? በ1482 እ.ኤ.አ. ገደማ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ለሚላኖው ገዢ ለሉዶቪኮ ስፎርዛ የሥራ ማመልከቻ አዘጋጅቶ ነበር። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው በሥዕሉ ነው። በማመልከቻው ግን መጀመሪያ የዘረዘረው ተጣጥፎ የሚጓዝ ድልድይ፣ መድፍ፣ ምሽግ የሚሰብር መሣሪያ መሥራት መቻሉን ነው፤ ሥዕሉን ያነሣው መጨረሻ ላይ ነው። ገዢው የጦር ሥጋት ነበረበት፤ ሊዮናርዶም የሰውየውን ችግር አውቆ ጻፈ። የእኛ ልጅ ግን አንዱን ወረቀት ለባንክም፣ ለሆስፒታልም፣ ለሆቴልም ያስገባል። ማስታወቂያውን ደግሞ አንብቦ ከሥራው ጋር የሚገናኘውን ወደ ላይ ማውጣት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

«የምጽፈው የለኝማ! ገና ተመራቂ ነኝ» የሚለውን ደግሞ ወደ ደባርቅና ወደ ደባት ወስደን እንመርምረው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ደባርቅ ነው፤ እንግዳ ከዚያ አስጎብኚውን፣ ስካውቱን፣ ምግብ አብሳዩንና በቅሎ ጫኙን ይዞ ይወጣል። በዚህ ሥራ ተቀጥላ ያላደገ የደባርቅ ልጅ ጥቂት ነው። ሲቪው ላይ ግን «የሥራ ልምድ፦ የለም» ብሎ ይጽፋል። ለምን? በቅሎ መጫን ሥራ አይመስለውማ!

እንበል አንዲት ተማሪ በ2011 ዓ.ም. የግማሽ ዓመት ዕረፍት ከአጎቷ ጋር በረዳት ምግብ አብሳይነት ወጥታ ነበር። እንዲህ ብትጽፍ ምን ይላታል? «ከጥር እስከ የካቲት 2011 ዓ.ም. ከደባርቅ በሳንቃበርና በግጭ አድርገው እስከ ጨነቅ ለተጓዙ አራት የእንግዳ ቡድኖች ረዳት ምግብ አብሳይ ነበርሁ። የየቡድኑን የአራት ቀን ስንቅ ዝርዝር አዘጋጀሁ፤ ገዛሁ፤ የወጪውን ሒሳብ ያዝሁ።» ተራራው ላይ የጎደለውን የሚገዙበት ሱቅ እንደ ልብ የለም። ይህን የጻፈች ልጅ ማቀድ፣ ገንዘብ መያዝና ከባዕድ እንግዳ ጋር መግባባት እንደምትችል አሳየች፤ «ከሰው ጋር እግባባለሁ» የሚል ቃል ግን አልወጣትም። አንባቢው ራሱ ደረሰበት። ሊማሊሞ አፋፍ ላይ የታወቀውን ሎጅ ከመሠረቱት መካከል በዚሁ ተራራ አስጎብኚ ሆነው የኖሩ የአካባቢው ልጆች እንዳሉበት የሚያውቅ ሰው የበቅሎውን መንገድ አይንቅም።

ወደ ደባት እንውረድ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ደባት ላይ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ከቤት ቤት እየዞረ የሚመዘግብ የጤናና የሥነ ሕዝብ ጥናት ማዕከል አለው። በእንዲህ ያለ ሥራ የተሰማራ ወጣት በር አንኳኩቶ፣ ኀዘን ላይ ካለች እናት ፊት ተቀምጦ፣ አሳምኖ፣ ሳይሳሳት መዝግቦ ይወጣል። ይህ ሰው «መረጃ ሰብስቤአለሁ» ብሎ በሁለት ቃል ያልፈዋል። ስንት ቀበሌ? ስንት ቤት? በወረቀት ነው በታብሌት? ስሕተቱን ማን አረመው? አንዱንም አይነግረንም።

ጦርነቱም አለ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ደባት ወረዳ ጭና ድረስ ሲደርስ፣ ከአዲአርቃይ በኩል የተፈናቀለው ሕዝብ ደባርቅን ሲሞላ፣ ምዝገባውን፣ የእህሉን እደላና የቁስለኛውን ሸክም ብዙ ወጣት ያለ ደመወዝ ተሸክሟል። ስለ ሥራ ጫና መናገር የሚገባው ሰው ቢኖር እሱ ነው። ግን የጻፈው «የሥራ ጫና አይበግረኝም» የሚለውን የፋይሉን ዐረፍተ ነገር ነው፤ ጫና አይቶ የማያውቀው የሌላ ከተማ ልጅም የጻፈው ያንኑ ነው። ይህን ስመለከት የሚያንገበግበኝ የቋንቋው ድህነት ብቻ አይደለም። እውነተኛው ታሪክ ለባለቤቱ ሳይጠቅም መቅረቱ ነው።

«ትንሽ ካልዋሹበት…»

ሌላው ጎራ በተቃራኒው ይመክራል። «ትንሽ ካልዋሹበት አይሆንም» ይላል። ሦስት ወር ልምምድ አንድ ዓመት ሥራ ይሆናል፤ ኮምፒውተር ከፍቶ መዝጋት «የላቀ የኮምፒውተር ችሎታ» ይሆናል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። ፈታኙ «እስቲ ይህን ሠንጠረዥ ሥራልኝ» ያለ ዕለት ስንቁ አለቀ ማለት ነው። ከዚያም አልፎ ማስረጃ መደለዝ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሚያስጠይቅ ነው፤ በየመሥሪያ ቤቱ ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ ሲጣራ፣ ስንቱ ከዓመታት አገልግሎት በኋላ እንደተዋረደ ያየን ነን። እውነቱን በዝርዝር መጻፍ ከመዋሸት የበለጠ ድካም ይጠይቃል፤ ውሸት የሚመረጠውም ለዚሁ ነው።

ሳይዋሹም ውሸታም የሚያስመስል ስሕተት አለ። አንዱ የዘመን አቆጣጠራችን ነው። «12ኛ ክፍል በ2011 ጨረስሁ፤ ዩኒቨርሲቲ በ2019 ገባሁ» ብሎ የጻፈ ሰው ስምንት ዓመት የት እንደጠፋ ይጠየቃል፤ አንዱ በእኛ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር እንጂ ያው አንድ ዓመት ነበር። አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው በእሱ መሄድና «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ማለት ብቻ ይበቃል። ሌላው የስም አጻጻፍ ነው፤ «ጸጋዬ» በላቲን ፊደል በሦስት ሰነድ ላይ ሦስት ዓይነት ሆኖ ይገኛል። ሲቪው ዋናውን የትምህርት ማስረጃ ይከተል። ሦስተኛው ቋንቋው ነው። በአማርኛ ለወጣ ማስታወቂያ፣ በአማርኛ ለሚሠራ ቢሮ፣ በማይገባን እንግሊዝኛ የምንጽፈው ለማን ብለን ነው? እንግሊዝኛ የሚጠይቅ ሥራ በእንግሊዝኛ ይጻፍለት፤ የወረዳ ቢሮ ግን በአማርኛ ቢጻፍለት ምን ጎደለው?

ከሲቪው መውጣት ያለበትም ብዙ ነው። ሃይማኖት፣ ብሔር፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የእናት ስም፣ ካልተጠየቀ በቀር ፎቶግራፍ። ለሥራው ምን ይፈይዳሉ? በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ የማሪያን በርትራንድና የሰንዲል ሙላይናታን ጥናት አለ። ቦስተንና ቺካጎ ላይ ለወጡ የሥራ ማስታወቂያዎች 5,000 ገደማ የተፈጠሩ ሲቪዎች ተላኩ፤ የነጭ መስሎ የሚሰማ ስም ያለባቸው የጥቁር መስሎ ከሚሰማው ይልቅ 50 በመቶ ያህል ብልጫ ያለው የጥሪ መልስ አገኙ። ስም ብቻ ይህን ካደረገ፣ እኛ በገዛ እጃችን ብሔርና ሃይማኖት ጨምረን የምናስገባው ለምን ይሆን? የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። ሕጉ የከለከለውን መሣሪያ ለአድሏዊው አናቀብል። ደረስጌ ማርያምን ደጃዝማች ውቤ ለራሳቸው ንግሥ አሠርተዋት ነበር፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. የነገሡባት ግን «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እየተባሉ የተሰደቡት ካሣ ናቸው። አፄ ቴዎድሮስ ከተባሉ በኋላ ከሰሎሞን የሚያደርስ ሐረግ ተቆጠረላቸው። ዛሬ ስማቸው ሲነሣ ሐረጉን የሚያስታውስ ስንት ሰው ነው?

የቀጣሪው ዕዳ

እስካሁን ወጣቱን ወቀስሁ። ተራው የቀጣሪው ነው፤ የከፋውም ጥፋት የእሱ ነው። ገንዘብ ተቀባይ ለመቅጠር ሁለት ዓመት ልምድ ይጠይቃል፤ ልምዱ ከየት ይምጣ? «0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ ሰልፉ አጥር የሚጥሰው ለምን እንደሆነ አይገባውም። «ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ ይዛችሁ በአካል ቅረቡ» ይላል። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ከ800 በላይ። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ እንኳ የአንድ ማመልከቻ ትራንስፖርት የአንድ ቤተሰብ በግ ነው። «በኢንተርኔት ብቻ» የሚለውም አለ፤ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሲቆይ ይህን ሐረግ የጻፈ ቀጣሪ አንድ ክልል ሙሉ ወጣት ከውድድሩ እንዳስወጣ አስቦ ይሆን? ሲቪ በማንኛውም መንገድ ይቀበል፤ ዋናውን ማስረጃ ለፈተና ከተጠራው ሰው ብቻ ይጠይቅ። ይህ ወጪ የለውም።

ያሠራ ሰውም የምስክርነት ዕዳ አለበት። በተጠቀሰው አዋጅ መሠረት አሠሪ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት የመስጠት ግዴታ አለበት። ስንቱ ነው በወጉ የሚሰጠው? የአስጎብኚዎች፣ የምግብ አብሳዮችና የበቅሎ አከራዮች ማኅበራትም አባላትና ረዳቶች ስንት ጉዞ እንደወጡ በማኅተም ቢጽፉ ከማንኛውም የሦስት ቀን ሥልጠና የበለጠ ይረዳሉ። ለተፈናቃይ የሠሩ በጎ ፈቃደኞች በማን ሥር እንደሠሩ ቀበሌው ያውቃል፤ የሚያውቁት ሰዎች ሳይዛወሩና ሳይረሱ ይጻፍላቸው።

ዩኒቨርሲቲዎችም ለሲቪ ሥልጠና አዳራሽ ሞልተው «ቲም ፕሌየር በሉ» የሚል እንግዳ ከማስመጣት ይልቅ፣ አንድ መምህር ከሃያ ተማሪ ጋር ተቀምጦ «ባለፈው ክረምት ምን ሠራህ?» ብሎ እየጠየቀ ቢያስጽፍ ይሻላል። መጀመሪያ «ምንም» ይሉታል። ደጋግሞ ይጠይቅ። ገብስ ያጨደው፣ የቄስ ትምህርት ቤት ሕፃናት ያስቆጠረው፣ የእናቱን የገበያ ሒሳብ የያዘው ሁሉ ቀስ እያለ መናገር ይጀምራል። ከዚያ ከሥራው ጋር የሚገናኘው ይመረጥ፤ በአንድ ወይም በሁለት ገጽ፣ ከአዲሱ ወደ አሮጌው ይደርደር፤ ለምስክርነት የተጠሩት ሰዎች አስቀድመው ይጠየቁ፤ ሌላ ሰው አንብቦ ይረመው።

ተመራቂውም ጽሕፈት ቤቱ ከመድረሱ በፊት የራሱን ረቂቅ በእጁ ጽፎ ይሂድ። ጸሐፊዋ ያን የቆየ ፋይል ልትከፍት ስትል «ይህን ተይው፤ የእኔን ተይቢልኝ» ይበላት። ዋጋው ያው ነው።